ተሳስሬያለሁ፣ ልምጣ ወይስ ልቅር?

ሰኞ ጠዋት ቴሌግራም ስከፍት የሚጠብቀኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። "ኮች፣ ሰውነቴ ተሳስሯል፤ ዛሬ ማታ ልምጣ ወይስ ልቅር?" አንዳንዱ በድምፅ ይልካል። መሃል ላይ ከወንበር ሲነሳ "ውይ ውይ ውይ" ሲል ይሰማል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬውን ይቀጥላል።

ለማታውቁኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ከቢሮ ሠራተኞች ጋር እሮጣለሁ። በሥራ ቀን "ቲቸር" ነኝ፣ ቅዳሜ "ኮች"። ጥያቄው ግን ከሁለቱም ወገን ያው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ሊንኩን ልላክ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። ሰውነት ስለተሳሰረ ብቻ ከስፖርት አይቀርም። ነገር ግን ቅዳሜ ያደከማችሁትን ጡንቻ ሰኞ በዚያው ጉልበት አትመለሱበትም። ወይ ቀለል አድርጋችሁ ተንቀሳቀሱ፣ ወይ ሌላ የሰውነት ክፍል ሥሩ። ይኼ የበቃው ሰው እዚህ ጋ ማቆም ይችላል። "ለምን?" የሚል ካለ ይቀጥል።

ብዙ ሰው ሕመሙ ከየት እንደመጣ ሲናገር ነገሩን ገልብጦ ነው። እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ጠይቁ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ማርያም ሲወጣ ያለከልካል፣ ላቡ ይንቆረቆራል፣ በየመሃሉ "ትንሽ እንረፍ" ይላል። ሲወርድ ግን ዘና ብሎ ነው። ወሬ ያወራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቆሎ እሸት ካገኘ እየጋጠ ይወርዳል። በማግስቱ ጭኑ አልታጠፍ ሲለው "ያ ዳገት ጉድ ሠራኝ" ብሎ ያማርራል። ዳገቱ ምን አደረገው? ጉዱን የሠራው ቁልቁለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልቁለት ስንወርድ የጭናችን የፊት ጡንቻ ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል። የሰውነታችንን ክብደት ይይዛል፣ እየያዘም ይለጠጣል። ፍሬን ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ጡንቻ እየተለጠጠ ሸክም ሲይዝ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ በተለይ ሥራው አዲስ ከሆነበት። ከዚያ ሰውነት ያንን ለመጠገን ይነሳል፤ ቦታው በትንሹ ያብጣል፣ ነርቮቹም ስሜታቸው ይጨምራል። ይኼ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ነው እሁድ ቀን ያን ያህል ሳያመን ውለን ሰኞ ጠዋት ካልጋ መውረድ የሚያቅተን። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሳል። በሳምንት ውስጥ ደግሞ ይጠፋል።

ስለዚህ ቅዳሜ የሠራ ሰው ሰኞ ከእሁድ ይልቅ ቢብስበት አይደንግጥ። የተለመደ ነው።

"ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብኝ ነው" የሚለውን ነገር ግን እባካችሁ እንተወው። ጅም ቤት ሁሉ ይወራል፤ አሰልጣኞችም በሙሉ ልብ ይሉታል። ከባድ ስፖርት ስንሠራ የሚጨምረው ላክቴት (ሰው ላክቲክ አሲድ የሚለው) ሥራው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል። ሰኞ ጠዋት ለሚሰማን ሕመም ቅዳሜ ከሰዓት የሌለ ነገር እንዴት ተጠያቂ ይሆናል? ደግሞም ላክቴት የሚበዛው እያለከለክን ዳገት ስንወጣ ነው። እግር የሚታሰረው ግን በመውረዱ ነው። ቲዎዶር ሃፍ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ምሁር የጣት ጡንቻ በመሣሪያ እያሠራ ሁለቱን ሕመሞች የለየው በ1902 እ.ኤ.አ. ነበር፤ አንደኛው እዚያው ሥራው ላይ የሚመጣና ቶሎ የሚጠፋ፣ ሌላው ከሰዓታት በኋላ የሚነሳ። ለሁለተኛው ያኔውኑ የጠረጠረው በጡንቻው ውስጥ የሚፈጠር መቀደድን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወሬው ግን እኛ ሰፈር ጅም ገና አልደረሰም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ይኼን ነገር በደንብ የማየው መስከረም ላይ ነው። ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብለው፣ ስልክ ሲነካኩ ከርመው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ስኳት (ቁጭ ብድግ) እና የእንቁራሪት ዝላይ እናሠራለን። ያን ቀን ሁሉም ጀግና ነው። "ቲቸር፣ ይኼ ብቻ ነው?" ይሉኛል። ከሁለት ቀን በኋላ ትምህርት ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ሥር ቆሞ ማየት ነው። የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጅ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ ወደ ኋላ የሚወርድ ልጅ አለ። ሞኝ እንዳይመስላችሁ፤ ብልህ ነው። ወደ ኋላ ሲወርድ የጭኑ የፊት ጡንቻ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ማንም ሳያስተምረው ሰውነቱ ነግሮታል።

"ቲቸር፣ ዛሬ ልቀመጥ፤ እግሬ አልታጠፍ አለኝ" ይለኛል።

"ማን ተቀመጥ አለህ? ሜዳውን በእርምጃ ዙር።"

ያጉረመርማል፣ ይዞራል። ሁለተኛው ዙር ላይ አነካከሱ ይቀንሳል። ሦስተኛው ላይ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ መነካካት ይጀምራል። ክፍለ ጊዜው አልቆ ሲቀዘቅዝ ሕመሙ ይመለሳል፤ እሱንም አልደብቀውም። ቀላል እንቅስቃሴ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ ጥገናውን በአንድ ቀን አይጨርሰውም። ግን ተቀምጦ ከመዋል ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ የተሳሰረ ሰው ማታ ሲነሳ እንዴት እንደሚራመድ ታውቃላችሁ።

እውነቱን ለመናገር ከስፖርት ሜዳም በላይ ይኼን ጉዳይ ያስተማረኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። የስቅለት ዕለት ቀኑን ሙሉ ይሰገዳል። ስግደት ማለት ከጡንቻ አንፃር ካያችሁት ቀስ ብሎ መውረድ፣ በጉልበትና በእጅ መሬት መንካት፣ እንደገና መነሳት ነው። ያ "ቀስ ብሎ መውረድ" እንጦጦን ከመውረድ አይለይም፤ እንዲያውም ጀርባውና ትከሻው ይጨመርበታል። ቅዳሜ ላይ ከተማው ሁሉ ደርቆ ነው የሚሄደው። የፋሲካ ዕለት ደግሞ ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ በአንድ እጅ፣ የወንበሩን መደገፊያ በሌላው ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ... ቀስ... ብሎ የሚቀመጥ ጎረምሳ በየቤቱ አይጠፋም። እናቱ ትስቅበታለች።

የትምህርት ቤታችን መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንድ እናት አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ነው። በፋሲካ ማግስት ወደ ሥራ ስንመለስ እኛ የስፖርት መምህራኑ እንደ ሽማግሌ ስንንከላወስ እሳቸው ደረጃውን ሽው ብለው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው።

"እርስዎን ለምን አያምዎትም?"

"እናንተ ዓርብ ብቻ ስለምትመጡ ነዋ!" አሉኝ። "እኔ ከሰኞ ጀምሬ እሰግዳለሁ። ማክሰኞ ላይ ይይዘኛል። ቀስ እያልኩ እሰግድበታለሁ። ሐሙስ ዓርብ ላይ እንኳን ሕመም፣ ድካሙም የለም። አንተ አስተማሪ አይደለህ እንዴ? ይኼ ይጠፋሃል?"

እኔ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ፈጅቼ የማስረዳውን ሴትየዋ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። አንድ ጡንቻ አንድን ሥራ በትንሹ ከቀመሰ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ሥራ ያን ያህል አይጎዳውም። ይኼ ጥበቃ ለሳምንታት ይቆያል። ደግሞ ልብ ያላችሁት እንደሆነ ማክሰኞ እያመማቸው አልቀሩም፤ ግን "ቀስ እያልኩ" ብለዋል። የጥያቄያችን መልስ እዚያች ቃል ውስጥ ነው ያለው። ሕመሙ ላይ መሥራት ይቻላል፤ ሕመሙ ላይ መፎከር ግን ሌላ ነገር ነው።

ለምን መፎከር አይሆንም? የተሳሰረ ጡንቻ አቅሙ ወርዷል። ሲለካም ደካማ ነው። መገጣጠሚያውም እንደ ልብ አይታጠፍም። ስለዚህ ሐሙስ በቀላሉ የምታነሱትን ክብደት ሰኞ ላንሳ ስትሉ ሰውነት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ጭን ያቃተውን ወገብ ይሸከማል። ቀኝ እግር ያመመውን ግራ ያግዛል። ቁርጭምጭሚት የሚዞረው፣ ወገብ የሚያዘው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ጡንቻው ራሱ በሳምንቱ ይድናል፤ የወገብ ነገር ግን እንደዚያ በቀላሉ አይለቅም።

እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ሲሳሰር የማደርገው ፈተና አለኝ። የተማርኩት ሳይሆን ከልምድ ያመጣሁት ነው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ፈጠን ብሎ ይራመድ። ከዚያ የመስቀል አደባባይን ጥቂት እርከን ይውረድ፣ እኔ ከታች ሆኜ አያለሁ። እያመመውም ቢሆን አወራረዱ ትክክል ከሆነና ሕመሙ እየላላ ከሄደ፣ ሜዳው ላይ ቀላል ዱብ ዱብ ይችላል። ካነከሰ፣ ወይም ሲወርድ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ወይም በሞቀ ቁጥር የሚብስበት ከሆነ፣ ወደ ቤቱ። "ኧረ እችላለሁ ኮች!" ቢለኝም አልሰማውም። አረማመዱን ያስለወጠ ሕመም ያለበትን ሰው አላሮጥም።

አትሌቶቻችንን ያየ ሰው ይኼ አይደንቀውም። እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ጠዋት ብትወጡ ባሕር ዛፉ መሃል በሰልፍ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ እየተጠማዘዙ ሲሮጡ ታያላችሁ። በቀላሉ ቀን ፍጥነታቸው ያስገርማል፤ በዝግታው ማለቴ ነው። እነዚህ ዓለምን ያሸነፉ ልጆች ናቸው እንዴ ያስብላል። ናቸው። ከባዱ ልምምድ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ የቀረው እንዲህ ለስላሳ መሬት ላይ በዝግታ የሚሮጥ ነው። እግራቸው የማያማቸው ሆነው አይደለም። እኛ የቢሮ ሰዎች ግን በሳምንት አንዴ መጥተን ሁሉንም ቀን ከባድ ማድረግ እንፈልጋለን። ለሳምንቱ ብር የከፈልንበት ይመስል።

አሁን ደግሞ ሰው ለመዳን ስለሚያደርገው ነገር። ማፍታታት ጥሩ ነው፣ እኔም አሠራለሁ፤ ግን ከስፖርት በፊትም ሆነ በኋላ ጡንቻን መሳብ ይኼን ሕመም እምብዛም አይቀንሰውም። በብዙ ሙከራ የታየ ነገር ነው። ስለዚህ የተሳሰረው ሰው "ሳላፍታታ ስለሄድኩ ነው" ብሎ ራሱን አይክሰስ። ማሳጅ ትንሽ ይረዳል፤ ለስለስ ያለ ከሆነ። ያበጠ ጭን ይዞ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ "ጠበቅ አድርገህ እሽልኝ" ማለት ግን የተጎዳን ጡንቻ እንደገና ማስጎዳት ነው። ስቲም ደስ ይላል፣ ሞቅ ያደርጋል፤ ውኃ ግን ጠጡ። እንቅልፍ ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን እንቅልፍን ማንም ስለማይሸጠው ማንም አያስተዋውቀውም።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። በጾም ሰዓት "ፕሮቲን ከየት ላምጣ" ለምትሉኝ፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ቤታችሁ አለ። መጠኑን ጨምሩት። በሶም አትናቁት።

መድኃኒቱ ላይ ግን ቆም እንበል። ከታላቁ ሩጫ ማግስት ፋርማሲ በር ላይ ብትቆሙ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እንደ ማስቲካ ሲሸጥ ታያላችሁ። አንዳንዱ ቀድሞ ውጦ ነው የሚሮጠው፣ "እንዳያመኝ" ብሎ። እነዚህ ኪኒኖች በባዶ ሆድ ጨጓራ ይጎዳሉ። ላብ ወጥቶ፣ ውኃ ሳይጠጣ ሲወሰዱ ደግሞ ኩላሊት ላይ ጫና ያሳድራሉ። በዚያ ላይ ሕመሙን ሸፍነውት፣ መቆም ያለበት ሰው ይሮጣል። የጡንቻ መሳሰር ሳይታከም የሚያልፍ ነገር ነው። ለእሱ ብሎ ሆድ ማቃጠል ምን የሚሉት ነው?

የማልታገሰው አንድ ነገር አለ። አንድ ጅም ውስጥ የሚሠራ አሰልጣኝ "እኔ ያሠራሁት ሰው ሦስት ቀን አይራመድም" ብሎ ሲኩራራ ሰምቻለሁ። ደንበኞቹም ደስ ይላቸዋል፤ ገንዘባቸው የሠራ ይመስላቸዋል። ሕመም ግን የሥራ መለኪያ አይደለም። ጡንቻ ሳያምም ያድጋል፣ እያመመም ላያድግ ይችላል። አዲስ ነገር ስትሠሩ ያማችኋል፣ ስትለምዱት ይተዋችኋል። ያኔ ስፖርቱ መሥራት አቆመ ማለት አይደለም። ሰው ያማል ብሎ ከመጣ በኋላ፣ "አሁን እኮ አያመኝም፣ ምን ሆኜ ነው?" ብሎ የሚጨነቅበትን አገር እኔ አልገባኝም።

እንዲህ ያለ ፉክክር አልፎ አልፎ ሆስፒታል ያደርሳል። ሰውነቱ ያለመደው ሰው በአንድ ቀን ከአቅሙ በላይ ስኳት ወይም ብስክሌት ሲሠራ፣ ጡንቻው በብዛት ተጎድቶ ውስጡ ያለው ነገር ወደ ደም ይፈስሳል። ኩላሊት ያንን ማጣራት ይከብደዋል። ምልክቱ የታወቀ ነው፤ ሽንት እንደ ኮካ ወይም እንደ ወፈረ ሻይ ይጠቁራል፣ ጡንቻው ክፉኛ ያብጣል፣ ሕመሙ ከተለመደው በጣም ያይላል፣ አቅም ይጠፋል። ይኼን ያየ ሰው ለእኔ ቴሌግራም አይላክ። ነገ እስኪነጋም አይጠብቅ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ።

ሌሎችም ከመሳሰር ጋር መምታታት የሌለባቸው ሕመሞች አሉ። መሳሰር ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ቦታው ሰፊ ነው፣ ስትነኩት ያማል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ እየሮጣችሁ ድንገት "ቀጭ" ብሎ የጀመረ፣ ወይም ጉልበት መገጣጠሚያው ውስጥ ያለ ሕመም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ላይ ቀስ እያሉም አይሠራም። ደግሞ ምንም ሳትሠሩ ሰውነታችሁን ሁሉ ከቆረጠማችሁና ትኩሳት ካለ ስፖርት ውስጥ ምክንያት አትፈልጉ፤ ተመርመሩ። አንዱ የቅዳሜ ልጅ "ባለፈው ደረጃው ይሆናል" እያለ ሲንቀጠቀጥ ሰንብቶ ታይፎይድ ሆኖ ተገኘ።

በመጨረሻ ኅዳር ላይ ለሚሮጡት። ኃይሌ ገብረሥላሴ ታላቁ ሩጫን ከጀመረበት ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሥሩ ኪሎ ሜትር ያው አሥር ነው፤ የአዲስ አበባ መንገድም ያው ወጣ ገባ ነው። ሁላችሁም ዳገት ትለማመዳላችሁ። ቁልቁለት የሚለማመድ ሰው ግን አላየሁም። ከአሁን ጀምራችሁ በሳምንት አንድ ቀን አጭር ቁልቁለት አስገቡ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በዱብ ዱብ። የመጀመሪያው ሳምንት ይይዛችኋል። ያን ጊዜ ሁለት ቀን ሜዳ ላይ ተራመዱ፣ ወይም ፑሽ አፕና የሆድ ሥሩ፤ እግሩ እስኪላላ። ሁለተኛው ሳምንት ይቀንሳል። ውድድሩ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ግን ምንም አዲስ ነገር አትጀምሩ፤ ጓደኛ "ና እንጦጦን እንውረድ" ቢላችሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ደረጃውን ስላበዛን ግማሹ ቡድን ገና እያነከሰ ነው። ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ ደረጃ የለም፣ ሜዳው ላይ ብቻ ነን። ከጠዋቱ 12፡30። የተሳሰራችሁም ኑ፤ ውኃ ይዛችሁ።